ጀርም ያልደፈረው ፍራሽ

«አንድ ፍራሽ ሠሪ ነበረ» አሉ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ወልደሰንበት፣ አዲሱ ርእሰ መምህር ምትኩ «አንድም ረባሽ እንዳይኖር ቅጣቱን ደጋግሜ አጠበቅኩት፤ አሁንም ልጨምር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃቸው። እንዲህም ሲሉ ተረኩለት።

ሰውየው ከጉሎ ዘይት የፍራሽ ስፖንጅ ይሠራ ነበር። አማቱ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡ። ብዙ ከመተኛት ጀርባቸው ቆሰለ፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ሐኪሙ የተኙበትን አሮጌ ፍራሽ ገለጥ አድርጎ «ጀርሙ የሚራባው እዚህ ነው» አለ። ሰውየው አማቱን ይወዳል፤ ሚስቱን ደግሞ ይፈራል። ስለዚህ ጀርም የማይደፍረው ፍራሽ ሊሠራ ቆርጦ ተነሣ።

ስፖንጁን ሲያዘጋጅ ትንሽ የቅርንፉድ ዘይት ጨመረበት። ቢያስመረምረው አብዛኛው ጀርም ሞቷል፤ ጥቂት ግን ቀርቷል። ይህ ለሌላ ሰው ደስታ ነበር። እሱ ግን «ጥቂቱስ ለምን ይቀራል?» ብሎ ተናደደ። ጦስኝ ጨመረ። ነጭ ሽንኩርት ጨመረ። ሚስቱ «ኧረ ይብቃህ፣ ወጥ ልትሠራ ነው?» ብትለው አልሰማም፤ ቅርንፉዱንም እጥፍ አደረገው። በመጨረሻ አንድም ጀርም አልተገኘበትም። ፍራሹን ተሸክሞ ወሰደና አማቱን አስተኝቶ፣ እየፎከረ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ሲመጣ አዲሱ ፍራሽ አልጋው ላይ ብቻውን ተንጣሏል። አማቱ መሬት ላይ፣ አሮጌው ፍራሽ ላይ ናቸው። ጎን ያሉት ታማሚዎች ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመዋል።

«ምነው እማማ? አንድም ጀርም እኮ የለበትም!»

«አዎ ልጄ፣ እነሱ ሸሹ፤ እኔም ተከተልኳቸው። እስቲ አንተ ጋደም በልበት።»

እምቢ ለማለት አፍሮ ተጋደመ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አስነጠሰው፤ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወደ መስኮቱ ሮጠ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አማቱም ዳሌያቸውን ይዘው ሳቁ።

ተመልሶ ያችን ትንሽ ቅርንፉድ ብቻ የያዘ ፍራሽ ሠራ። የቀረውን ጀርም ነርሶቹ በሳሙናና በውሃ ተወጡት። አማቱ ተኙበት፤ ቁስላቸውም ደረቀ።

ጋሽ ወልደሰንበት ይህን ብለው ወደ ምትኩ ዞሩ። «አንተም እንደዚሁ ነህ። የመጀመሪያው ቅጣትህ ይበቃ ነበር። አንድ ረባሽ እንዳይቀር ብለህ ጨመርክ፣ ደግመህ ጨመርክ። ትናንት በትምህርት ቤትህ በኩል ሳልፍ ግቢው ባዶውን ጭጭ ብሏል። እውነትም ረባሽ የለም። ግን ልጄ፣ ማንን ነው የምታስተምረው?»