አሲዱ ያልማራት የመዳብ መስመር

ተረት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ይኸኛው ሽቦ አለው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስመኝ የምትባል ሴት ነበረች። እንቁላል በሙቀት ሳጥን ትፈለፍላለች። ሳጥኑ ውስጥ አምፖል አለ፤ አምፖሉን ሲበርድ የሚያበራ፣ ሲሞቅ የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም ነበረው። ነበረው የተባለው ቦርዱ ስለተቃጠለ ነው። ምትኩ በከተማው ተፈልጎ ጠፋ። የታናሽ እህቷ የእቴነሽ ሠርግ ደግሞ ነገ ነው፤ ቤተ ዘመዱን የሚወስደው ሚኒባስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል፤ ሳጥኑ ከቀዘቀዘ አለቀላቸው።

ስለዚህ ባሏ አበጋዝ ቦርድ ሆነ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቴርሞሜትሩን ያያል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ይጫናል።

"ወረደ፣ አበራሁ። ወጣ፣ አጠፋሁ" ይላል። "አንቺ ሂጂ፤ እኔ እዚሁ ሳበራ ሳጠፋ ልዋል።"

"የሙሽራዋ እህት ያለ ባሏ መጣች እንዲሉኝ? ተፋታች ብለው በዚያው ድግስ ለሌላ ባል ይድሩኛል።"

"ድግሱ ካልቀረ ምን አለበት? ወረደ፣ አበራሁ።"

ስመኝ የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አዲስ ቦርድ ላይ ሽምብራ የምታህል አረንጓዴ መብራት እንድትበራላት። መብራቷ በራች ማለት ቦርዱ ሠራ ማለት ነው፤ ቦርዱ ሠራ ማለት ባልና ሚስት ሠርግ ደረሱ ማለት ነው።

ቦርድ በቤት መሥራት ታውቅበታለች። የመስመሩን ሥዕል ፎቶ ኮፒ ቤት ታሳትማለች። የታተመውን ወረቀት በመዳብ ሰሌዳው ላይ ደፍታ በካውያ ትተኩሳለች፤ የማተሚያው ዱቄት ቀለም ቀልጦ መዳቡን ይይዛል። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትልጣለች። ከዚያ ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ትነክራለች፤ አሲዱ የተራቆተውን መዳብ ይበላል፣ ቀለም የሸፈነውን ይምራል። የተማረው መስመር ሆኖ ይቀራል።

ያን ቀን ጠዋትም እንዲሁ አደረገች። መስመሩ ግን ብል እንደበላው ነጠላ ተበሳስቶ ወጣ።

"ምነው አሲዱ፣ መስመሬን ብትምርልኝ?" አለችው።

"የተሸፈነ አልነካም፣ የተራቆተ አልምርም" አለ አሲዱ። "ቀለሙን ጠይቂው።"

አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

ወደ ቀለሙ ዞረች። "አንተ ቀለም፣ መዳቡን አጥብቀህ ያዝልኝ።"

"እንዴት ልያዝ?" አለ ቀለሙ። "ግማሼ እኮ ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። እስኪለቀኝ አልይዝም።"

ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

ወደ ወረቀቱ ዞረች። "አንተ ወረቀት፣ ቀለሙን ልቀቅልኝ።"

"እኔ ተራ ወረቀት ነኝ፤ ገላዬ ክር ክር ነው። የያዝኩትን አልለቅም" አለ ወረቀቱ። "የሚለቅ ከፈለግሽ የሚያንሸራትት ፈልጊ። የእትዬ የሺመቤት ካላንደር ምን ይጎድለዋል?"

ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

እትዬ የሺመቤት ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ፏፏቴ የታተመበት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ካላንደር አለ። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ካላንደሩ ግን እንደ ብዙ ቤት ካላንደር ከተሰቀለበት አልወረደም።

"እትዬ፣ ካላንደሩን ቢሰጡኝ? ዘመኑ እንደሆነ አልፏል።"

"የኔስ ዘመን አላለፈም? ማን አወረደኝ?" አሉ እትዬ የሺመቤት። "ከኋላው ስንጥቅ አለ ልጄ። ካላንደሩ ከወረደ ብርድ ይገባል። ብርዱስ ይሁን፣ የጎረቤት ዓይን ይገባል።"

"ጎረቤትዎ እኮ እኔ ነኝ።"

"ለዚያ ነዋ የምልሽ።"

ካላንደሩ አልወርድም አለ፣ ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

በካላንደሩ ጠርዝ አሾልካ ስንጥቁን አየችው። "አንተ ስንጥቅ፣ ተዘጋልኝ።"

"የከፈተኝ ዝናብ ነው፤ የሚዘጋኝ ጭቃ ነው" አለ ስንጥቁ። "ያለ ጭቃ አልዘጋም።"

ስንጥቁ አልዘጋም አለ፣ ካላንደሩ አልወርድም አለ፣ ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

የሰፈሩ ጭቃ መራጊ ጋሽ ሽብሩ ናቸው። በግቢያቸው ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስመኝ ስታለከልክ ደረሰች።

"ጋሽ ሽብሩ፣ የእትዬ የሺመቤትን ግድግዳ ይምረጉልኝ።"

"ጭቃውስ ነበር" አሉ ጋሽ ሽብሩ። "ግን አንቺ ልጅ፣ ያቺ ጫጩት የት ደረሰች?"

"በዚህ ዙር መጀመሪያ የምትወጣዋ የእርስዎ ናት ብዬዎት የለ?"

"ባለፈውም ዙር ብለሽኝ ነበር። እኔ ግድግዳ በጭቃ እንጂ በተስፋ አልመርግም።"

ጋሽ ሽብሩ አልመርግም አሉ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ፣ ካላንደሩ አልወርድም አለ፣ ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ ስመኝም ለሠርጉ አልደርስም አለች።

ወደ ቤቷ ሮጣ ጆሮዋን አንዱ እንቁላል ላይ አስጠጋች። "አንቺ ጫጩት፣ ውጪልኝ።"

"ሙቀቱ ሳይስተካከል አልወጣም" አለች ጫጩቷ ከውስጥ።

"ሙቀቱ በምን ይስተካከላል?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? በቦርድ ነዋ!"

ስመኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጫጩቷ ያለ ቦርድ አልወጣም አለች፣ ጋሽ ሽብሩ አልመርግም አሉ፣ ስንጥቁ አልዘጋም አለ፣ ካላንደሩ አልወርድም አለ፣ ወረቀቱ አልለቅም አለ፣ ቀለሙ አልይዝም አለ፣ አሲዱ አልምርም አለ፤ አሲዱ ካልማረ ደግሞ ቦርድ የለም። ነገሩ ዞሮ የራሱን ጅራት ነከሰ።

"ሰፈሩን ዞረሽ ዞረሽ በርጩማዬ ሥር መጣሽ" አለ አበጋዝ። "ከጠዋት ጀምሮ ነግሬሻለሁ፤ ቦርዱ እኔ ነኝ። ወረደ፣ አበራሁ። ወጣ፣ አጠ..."

ማጥፋቱን አልጨረሰም። ከሳጥኑ "ጭው" የሚል ድምፅ መጣ። ጆሮዋን ያስጠጋችበት እንቁላል ተሰንጥቆ ምንቃር ብቅ አለ። ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል እንጂ ያሞቀው ቦርድ ይሁን የሰው ባል አጣርቶ አያውቅም።

ጋሽ ሽብሩ ተጠርተው መጡ። ገና ያልደረቀችውን ጫጩት እግር ላይ ቀይ ክር አሰሩና "እስክትጠና እዚሁ ትሙቅ፤ ባለቤቷ ግን ታውቋል" አሉ።

"አውራ ዶሮ ብትሆንስ?" አላቸው አበጋዝ።

"ሰዓት ከመግዛት ይገላግለኛል።"

ጋሽ ሽብሩ መረጉ፣ ስንጥቁ ተዘጋ፣ ካላንደሩ ወረደ። ስመኝ እንደ ፊቱ በሚያንሸራትተው የካላንደሩ ጀርባ ሁለት ሥዕል አሳትማ አንዱን አዲስ ሰሌዳ ላይ ተኮሰች፣ ዘፈዘፈች፣ ላጠች። ወረቀቱ ምንም ሳያስቀር ለቀቀ። ቀለሙ ግን እዚህም እዚያም ተገሽልጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

"አሁንስ ምን ጎደለህ?" ብላ ጮኸች። "ወረቀቱ እንደሆነ ለቆሃል!"

"ወረቀቱማ ለቀቀኝ" አለ ቀለሙ። "መዳቡ ነው ያንሸራተተኝ።"

"እኔ ምን ላድርግ?" አለ መዳቡ። "እጇን አሽትቱት።"

አበጋዝ ከበርጩማው ሳይነሳ እጇን ሳበና አሸተተ። "ቅቤ!"

እውነቱ ይኸው ነው። ስመኝ ለሠርጉ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታለች። በተጨነቀች ቁጥር ደግሞ አናቷን ትዳብሳለች፤ አናቷን በዳበሰችበት እጅ መዳቡን ታነሳለች። ወረቀቱ የራሱ ጥፋት አለበት፤ ቀለሙን ግን ከሁሉ በላይ ያስለቀቀው ቅቤው ነበር።

"ስንቱን ስትወቅሺ ውለሽ፣ ጥፋቱ አናትሽ ላይ ነበር!" አለ አበጋዝ።

"ቴርሞሜትርህን እይ።"

"ወጣ፣ አጠፋሁ።"

ከመንገድ ቤተ ዘመዱን በየቤቱ መልቀም የጀመረው ሚኒባስ ጡሩምባ ተሰማ። ስመኝ ጠጉሯን በሻሽ ጠፍራ አሰረች፤ እጇን በሳሙና ታጠበች። መዳቡን በደቃቅ የብረት ሱፍ ፈትጋ፣ በሳሙና አጥባ አደረቀች፤ ከዚያ በኋላ በጠርዙ ብቻ ያዘችው። የካውያውን እንፋሎት ዘጋች። ሁለተኛውን ሥዕል ተኮሰች፤ እስኪቀዘቅዝ ታገሠች፤ ዘፈዘፈች። ሊሰናበቱ ብቅ ያሉት እትዬ የሺመቤት ገንዳውን አዩ።

"ፏፏቴዬን ውሃ ውስጥ ከተትሽው?"

"አገሩ ገባ፣ እትዬ።"

ወረቀቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ። አንዲት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ ባዶ ቀርታ ነበር፤ ስመኝ ለሠርጉ የገዛችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጋ ደፈነቻት።

ያኔ ሰንሰለቱ ተፈታ። ጫጩቷ ወጥታለች፣ ጋሽ ሽብሩ መርገዋል፣ ስንጥቁ ተዘግቷል፣ ካላንደሩ ወርዷል፤ ወረቀቱ ለቀቀ፣ ቀለሙ ያዘ፣ አሲዱም የተራቆተውን በልቶ መስመሩን ማረ። ስመኝ ቀለሙን ጠርጋ የቦርዱን ጥቃቅን ዕቃዎች በየቦታቸው በየደች። ቦርዱን ከሳጥኑ አገናኘች። ሽምብራ የምታህለው አረንጓዴ መብራት በራች።

አበጋዝ እጁን ከማብሪያ ማጥፊያው አነሳ። ሙቀቱ ወረደ፤ አምፖሉ ራሱ በራ። ሙቀቱ ወጣ፤ አምፖሉ ራሱ ጠፋ።

"ከሥራ ተባረርኩ" አለ፤ ጉልበቱን እያሸ ተነሳ።

ሚኒባሱ ላይ ሮጠው ደረሱ። በማግስቱ ሠርጉ ቤት ከበሮ ሲመታ ሰው ሁሉ በትከሻው ጨፈረ፤ አበጋዝ ግን በአውራ ጣቱ አየሩን ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ ያደርግ ነበር። "ይኼ ደግሞ የየት አገር ጭፈራ ነው?" አሉት የሙሽራው ዘመዶች።

"የጫጩት ማውጫ ነው" አላቸው።

እኔም ተረቴን አበራሁ፤ ማጥፋቱ የእናንተ ነው።