ከጎርፉ የተረፈ መድኃኒት

በአንድ ወቅት፣ ድልድይዋን ጎርፍ በወሰደባት አንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ በትንሿ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ሰዎች ቁስላቸው እየሸተተ ተኝተው ነበር። የያዟቸው ተህዋሲያን አየር ሲያገኛቸው የሚሞቱ፣ አየር በማይደርስበት ሥጋ ውስጥ ግን የሚባዙ ናቸው። የሚያጠፋቸው መድኃኒት ለሁለት ሰዎች፣ ይቅርታ፣ ላርመውና ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። ሌላው እስኪደርስ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ሐኪሙ ግን ለማናቸውም ከሁለት ቀን በላይ ተስፋ አልሰጠም።

«ብናካፍላቸውስ፣ ዶክተር?» አለች ነርሷ።

«ሦስቱንም እንቀብራለን። በጎደለ መድኃኒት ተህዋሲያኑ አይሞቱም፤ ይለምዱታል።»

ላቀው ጀልባ ቀዛፊ ነው። የመድኃኒቱን ሳጥን በጎርፉ መካከል ያሻገረው እርሱ ነው። ግንድ እግሩን ሲጨፈልቀው ጠርሙሶቹ ተሰባበሩ፤ የተረፈው ይህ ብቻ ነው። የቁስሉ ናሙና በጥጥ ተይዞ አየር ላይ ስለዘገየ፣ የምርመራው ወረቀት «ተህዋሲያን የለም» አለ። የለም አልኩ? ተሳስቻለሁ፤ «አልበቀለም» ነው የሚለው፤ በጥጡ ላይ የነበሩት በአየር ሞቱ እንጂ በእግሩ ውስጥ ያሉት አልሞቱም። በሁለቱ ቃላት መካከል የሰው ሕይወት አለ። ላቀው ሳጥኑን ታቅፎ፣ «እኔው አምጥቼው እኔው ልሙት?» አለ።

የሺመቤት ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው። የማኅፀኗ ናሙና አፉ በተደፈነ መርፌ ስለተወሰደ ተህዋሲያኑ በላቦራቶሪ በቅለዋል፤ መድኃኒቱ እንደሚገድላቸውም በምርመራ ተረጋግጧል። ከአልጋዋ ተንፏቃ ወርዳ ሕፃኗን ሳጥኑ ላይ አስተኛቻት። «ጋሽ ላቀው፣ እርስዎ ልጆች አሳድገዋል። እኔ ገና ስም እንኳ አላወጣሁላት።»

ውብዓለም የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናት። የላቀውን ናሙና በጥጥ የያዘችው እርሷ ነበረች። ስህተቷ ስለገባት፣ የየሺመቤትን መርፌ አየር እንዳይገባበት ተጣድፋ ስትደፍን ጣቷን ወጋት፤ አሁን እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። በከተማይቱ እነዚህን ተህዋሲያን መለየት የሚችል ሌላ ሰው የለም፤ እርሷ ካለፈች የነገዎቹ ሕሙማን በግምት ይታከማሉ። በግራ እጇ የላቀውን ወረቀት ሰርዛ፣ «ናሙናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያም ቀና ብላ፣ «ይህን ጻፍኩ ማለት ልሙት አልኩ ማለት አይደለም፣ ዶክተር» አለች።

ሐኪሙ መርፌውን ሞልቶ በሦስቱ አልጋዎች መካከል ቆመ።

መልሱን አላውቀውም ልል ነበር፤ ይህንንም ላርመው። ሦስት ጊዜ አውቄዋለሁ፤ ሦስቱም ጊዜ የተለያየ ነበር። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ላመጣው፣ ለወለደችው ወይስ ለለየችው? መድኃኒቱ የሚገባው ለማን ነው?