ሱክዲያና የጭቃዋ እመቤት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ አታንቀላፋ፣ ቁጭ ብለህ ስማ!

በድሮ ዘመን፣ በካሪቢያን ባሕር መካከል ባለች አንዲት ደሴት፣ ከሕንድ በመርከብ የመጡ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ይኖሩ ነበር። ከእነሱ መካከል ሱክዲያ የምትባል ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። የእርሻው ጌታ ሚስተር ፔምበርተን ደግሞ እልከኛ ነበር። ሰው ሲያለቅስ ካላየ ምሳው አይዋጥለትም።

ሠራተኞቹ ኮረብታው ላይ የሣር መቅደስ ሠሩ። ፔምበርተን አቃጠለው። እነሱ አለቀሱ፤ እሱ ሳቀ።

የጸሎት ባንዲራቸውን ቀርከሃ ላይ ሰቅለው በየደጃቸው ተከሉ። ፔምበርተን ነቀለው። እነሱ አለቀሱ፤ እሱ ሳቀ።

እናታችን እያሉ የሚያመልኳት የዱርጋ በዓል ሲደርስ፣ ሱክዲያ የወንዝ ዳር ጭቃ አምጥታ የእመቤቲቱን ምስል ሠራች። "ዛሬ ከፈራን ልጆቻችን ለማን ይሰግዳሉ?" አለች። በዓሉን ሙሉ ጎጆዋ ውስጥ ደብቃ ሕዝቡን አሰገደች። በመጨረሻው ቀን ግን ምስሏን አውጥታ ጌታው በሚያልፍበት መንገድ ላይ አቆመቻት!

ፔምበርተን የጎረቤት እርሻ ጌቶችን አስከትሎ መጣ።

"ይህን ጭቃ ወንዝ እጥለዋለሁ!" አለ።

"ይጣሉት። እኛን ግን ከእንግዲህ አያስለቅሱንም" አለች ሱክዲያ።

"አላስለቅስም? ጥዬው አንድ ሰው እንኳ ካላለቀሰ፣ ያ ኮረብታ የእናንተ ይሁን! እነዚህ ጌቶች ምስክሮቼ ናቸው!"

ምስሏን ተሸከመ። ከበደችው፤ አላበው፤ ወገቡ ተንቀጠቀጠ። ወንዙ መሀል ገብቶ ለቀቃት። ዞር ቢል፣ ከበሮው ቀልጧል! ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ።

"አብዳችኋል እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ኧረ ጤነኞች ነን፣ ጌታዬ! እናታችን በበዓሏ መዝጊያ ወንዝ ትወርዳለች። ጭቃው ይሟሟል፣ እሷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልማዳችን ነው። ማን ይሸከማታል ብለን ስንጨነቅ እርስዎ ደረሱልን!" አለች ሱክዲያ።

ጌቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፔምበርተን በእነሱ ፊት ቃሉን ለማጠፍ አፈረ፤ ኮረብታውን ለቀቀ። ሕዝቡም እሳት የማይበላው የድንጋይ መቅደስ ሠራበት።

እና ልጆች፣ የሰው እምነት ላይ እጁን የሚያነሳ ሁሉ የሚሸከመውን አያውቅም። እናንተም እንባችሁን ለሚወድ ሰው እንባችሁን አትስጡት።

ሱክዲያማ አርፋ መች ተቀመጠች! በዓመቱ በዓሉ ሲደርስ ለፔምበርተን መልእክት ላከችለት፦ "ጌታዬ፣ ዘንድሮ እመቤታችንን ተለቅ አድርገን ሠርተናታል። ትከሻዎ እንዴት ነው?"