የቧንቧ ሠራተኞቹ የሙከራ ፈተና

አንድ ሰው ነበረ፤ የአንዲት ከተማ የቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር። እታገኘሁ ልጄ፣ «ውጤቱ ለማይያዝ የኦንላይን ሙከራ ፈተና ከኮሌጃችን ጎበዝ ጎበዞቹን ብቻ ባቀርብ ምን ክፋት አለው?» ብለሽ ስለ ጠየቅሽኝ የእርሱን ነገር ልንገርሽ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድመሽ ያዢልኝ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ለአንቺ ምንም ባልጠቀመሽ።

ማኅበሩን እንደ ቤተሰቡ ይወድ ነበር። የታመመ ሲኖር ይጠይቃል፤ ሥራ የፈታ ሲኖር ሥራ ያፈላልግለታል፤ ሁለት አባላት ከተኳረፉ ሳያስታርቅ እንቅልፍ አይወስደውም። ድክመቱ አንዲት ናት። የማኅበሩ ስም ሲመሰገን ደረቱ ይነፋል፣ ሲነካ ደሙ ይፈላል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ማለት ይወድ ነበር፤ ለመቃብር የሚያደርስ ነገር ሳይገጥመው።

በዚያን ጊዜ አዲስ ደንብ ወጣ። ከእንግዲህ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው የሆስፒታልም ሆነ የትምህርት ቤት ቧንቧ እንዳይነካ ተባለ። ማረጋገጫው የሚገኘው በኮምፒውተር በሚሰጥ ፈተና ነው። ፈታኙ መሥሪያ ቤት ግን ዘሎ ወደ ፈተናው አልገባም። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ራሳቸውን እንፈትን አለና፣ ከጥቂት ከተሞች የተውጣጡ ሠራተኞች በያሉበት ሆነው በኦንላይን የሙከራ ፈተና እንዲወስዱ ጠየቀ። ጥሪው ግልጽ ነበር። ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም፣ ጀማሪውንም አንጋፋውንም ቀላቅላችሁ አቅርቡ፤ የማንም ውጤት አይያዝም፤ ጥያቄው ከብዶ እንደሆነ፣ ሰዓቱም ይበቃ እንደሆነ በእናንተ እናያለን የሚል ነበር።

ሊቀ መንበሩ ይህን ሁሉ ሰማ። ልቡ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ ከላይ የመጡ ሰዎች ማኅበሬን ሊያዩብኝ ነው ብሎ ሰማ። እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጓዳ ይዘጋል አይደል? እርሱም ጓዳውን ዘጋ። ኮምፒውተር የለመዱትን፣ አቀላጥፈው የሚያነቡትን መረጠና ሌሎቹን በዘዴ አስቀራቸው።

ከቀሩት አንዱ ጋሽ ዳርጌ የሚባሉ አንጋፋ ናቸው። የከተማውን ሆስፒታል ውሃ ለብዙ ዘመን ሲጠብቁ የኖሩ፣ የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ ከወገባቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ማንበብ የተማሩት በጎልማሳነታቸው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ቃል ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው የሚያነቡት። ውጤቱ ካልተያዘ እኔም ልሞክረው እንጂ ቢሉት፣ ሊቀ መንበሩ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እርስዎንማ ማን ደፍሮ ይፈትናል ጋሼ፣ ይረፉ አላቸው። ከልቡ አክብሮ ነው ያላቸው። አክብሮት አንዳንዴ ሰውን ደጅ ማስቀሪያ ይሆናል፤ ይህን እኔም አንቺም አይተናል።

የሙከራው ቀን የተመረጡት በአንድ ኢንተርኔት ቤት ተሰበሰቡ። በየኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ካሜራ ፊታቸውን ታያለች፤ ወዲያ ማዶ የተቀመጠውን አታይም። ወዲያ ማዶ የተቀመጠው መሐንዲስ የሆነው የሊቀ መንበሩ እህት ባል ነው። ጥያቄዎቹን ፊቱ ካለው ኮምፒውተር እያነበበ መልሱን በጣቱ ያሳያል። አንድ ጣት «ሀ» ነው፣ ሁለት ጣት «ለ» ነው። ተፈታኞቹ ጥያቄውን ማንበብ እንኳ አላስፈለጋቸውም። ከተሰጣቸው ሰዓት ግማሹ ሳይነካ ጨርሰው እየተሳሳቁ ወደ ምሳ ሄዱ። ሰንብቶም ከመሥሪያ ቤቱ ምስጋና መጣ፤ ሊቀ መንበሩም ያን ሰሞን መሬት አልበቃው አለ።

ዋናው ፈተና ሲመጣ ግን ጥያቄው ከብዶ፣ ሰዓቱ አጥሮ መጣ። ሊቀ መንበሩ ራሱ በላብ ተጠምቆ ለጥቂት አለፈ። ጋሽ ዳርጌ ገና ከመካከሉ ሳይደርሱ ሰዓቱ አልቆ ኮምፒውተሩ ተዘጋባቸው። ሆስፒታሉም እያዘነ፣ ደንብ ነውና ምን ይደረግ ብሎ ቁልፉን ተቀበላቸው።

ሽማግሌው ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«የማላውቀውን ጠየቁኝ ብዬ አልዋሽም» አሉት። «የጠየቁኝ የማውቀውን ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ዘጉብኝ።»

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ በቁጣ ነድዶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገሰገሰ። የፈተናውን ዝግጅት የምትመራው ሴትዮ ፊት ቆሞ፣ ይህ ፈተና ለቧንቧ ሠራተኛ ነው ወይስ ለዳኛ፣ የሠራተኛን እንጀራ ለመንጠቅ ማን ፈቀደላችሁ ብሎ ያሰበውን ሁሉ ተናገረ። ሴትዮዋ ሳታቋርጥ አስጨረሰችው።

«በእናንተ እኮ ነው የለካነው» አለችው። «አንዱ ከተማ መብራት ጠፋ፣ ሌላው ኔትወርክ ተቆረጠበት። ሙሉ ሆኖ የደረሰን የእናንተ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ስለተረፋችሁ ቀነስነው። ሁላችሁም የመለሳችሁትን ጥያቄ ደግሞ ቀላል ነው ብለን ከበድ ባለ ተካነው።»

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቁጣው የት እንደገባ እርሱም አላወቀም። የራሱ ማረጋገጫ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነው፤ እሺ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ቢወጣ የሚጠይቀው የለም። የማኅበሩ ስምም እንደተመሰገነ ይቀራል። ቢናገር ደግሞ የእህቱ ባል ይዋረዳል፣ ያመኑት ባልደረቦቹ ያገኙትን ማረጋገጫ ያጣሉ፣ ከሁሉ በላይ ያ የሚሳሳለት ስም ጭቃ ይገባል። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት ግን ከጆሮው አልወጣ አለ። አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

«የለካችሁት እኛን አይደለም» አለ በመጨረሻ። «መልሱን የሰጠው አንድ መሐንዲስ ነው። ቀስ ብለው የሚያነቡትን ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ብዕሯን አንስታ ቃሉን ጻፈች። ከዚያ እንደገና እንለካለን አለችው፤ በዚያ ኢንተርኔት ቤት የነበሩት ሁሉ ግን ወረቀታቸውን መልሰው ዳግም ይፈተኑ ተባለ፤ እርሱም ጭምር። ማኅበርተኞቹ ስማችንን ሸጠብን ብለው ከሊቀ መንበርነቱ አወረዱት፤ ብዙዎቹ ሰላምታውን ነፈጉት። በሁለተኛው ሙከራ ጋሽ ዳርጌ እንደሌሎቹ ተቀመጡ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ሰዓቱም በእርሳቸውና በመሰሎቻቸው ልክ ተስተካከለ። ዋናውንም ፈተና አለፉ። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም። ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሲሄዱ የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ ሌላ ሰው ይዞታል። እስካሁን በየሰፈሩ የሰው ቧንቧ እየጠገኑ ነው የሚኖሩት።

እንግዲህ ልጄ፣ ልብስ ሰፊ ወገብሽን ሲለካ ሆድሽን ትስቢያለሽ? ብትስቢ ለዚያች አፍታ ያምርብሻል፤ ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ግን መተንፈሻ ያሳጣሻል። የሙከራ ፈተናም ያው ሜትሩ ነው። ውጤቱ አይያዝም ያሉሽ እውነታቸውን ነው፤ የሚያዘው ልኩ ነው። አንቺ ጎበዞቹን ብቻ ስታቀርቢ የኮሌጁን ሆድ እየሳብሽ ነው፤ የሚጠበው ቀሚስ ደግሞ ለአንቺ አይደለም፣ ለጎበዞቹም አይደለም። ከኋላ ወንበር ያሉት ናቸው የሚለብሱት። የኮሌጁ ስም በክፉ እንዳይነሳ መፍራትሽ ይገባኛል፤ እኔም በቦታሽ ብሆን እፈራለሁ። ፈርተሽም ቢሆን ግን፣ ከጎበዞቹ አጠገብ ከኋላ ወንበር ያለችውን፣ ስሟ ሲጠራ የምታቀረቅረዋን ልጅ አስቀምጫት። ማንም አያጣድፋት። ሰዎቹ ፈተናቸው ልክ መሆኑን የሚያውቁት በእሷ ነው።