ያልታጠበው ስፖንጅ

አንድ ጁስ ቤት ያለው ሰው ነበረ። በአንድ ቅዳም ሹር ሰባት ዓሦቹን ከትንሽ የመስታወት ገንዳ ወደ ትልቅ ገንዳ አዛወረ። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ሞቱ።

እንዲህ ብለው የጀመሩት ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። አድማጯ ትርሲት ትባላለች፤ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አዲስ ኃላፊ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ይዛወራል። ልትጠይቃቸው የመጣችው ስለ እትዬ ውድነሽ ነበር። እትዬ ውድነሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ አውሰዋል። መዝገባቸው የተቀዳደደ ነው፣ ወሬያቸው አያልቅም፤ ከጠረጴዛቸው ሥር የኤሌክትሪክ ገመድ የገባበት፣ ለምን እንደሆነ የማይታወቅ ባልዲ ሳይቀር አስቀምጠዋል። ትርሲት አዲሱን ቤት በአዲስ ሰው መጀመር አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀች። የስንብቱ ደብዳቤ ተጽፎ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀጠሉ።

ሰውየው ንጽሕና ይወዳል። በበዓሉ ዋዜማ ሰው ሁሉ ቤቱን ሲያጥብ እሱም ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ መጭመቂያውን አጠበ። ከዚያ ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ አቆይቶ የትንሹን ገንዳ ማጣሪያ ፈታ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ጭቃ መስሏል፤ ይሸታልም። በዚህ እድፍ አዲስ ገንዳ አልጀምርም ብሎ በበረኪና ዘፈዘፈው፣ እስኪነጣ ፈተገው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በፋሲካ ዕለት የትልቁ ገንዳ ውሃ ከመጥራቱ የተነሣ ዓሦቹ አየር ላይ የሚዋኙ ይመስሉ ነበር። አንድ ደንበኛ፣ ሰውየው ለዓሦቹም ፋሲካ አደረገላቸው ብሎ ቀለደ።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ማለክለክ ጀመሩ። ሰውየው ንጽሕናው አንሶ ነው ብሎ ሁሉንም እንደገና አጠበ። ባሰባቸው። ሁለቱ ሲሞቱ የቀሩት አምስቱም የማይተርፉ መሰለው። ገንዳውን ልሸጠው ነው እያለ ለገባ ለወጣው ይናገር ጀመር።

ይህን የሰማች አንዲት የሰፈሩ ሴት የጀመረችውን ጁስ ትታ ወጣች። ስትመለስ ፌስታል ይዛለች። በውስጡ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥቁር ስፖንጅ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ቆሻሻ ነው ገንዳዬ ውስጥ ክተት የሚሉኝ?» አላት።

«ቆሻሻውስ ያንተው ነው» አለችው። «አምና ሁለት ዓሣ ስትሰጠኝ ከማጣሪያህ ላይ ቆርጠህ የጨመርክልኝ ነው። ሻጩ እንዳይታጠብ ብሏል ያልከኝም አንተ ነህ።»

ሰውየው ረስቶት ነበር። ደንበኞቹ ሲስቁበት አብሮ ሳቀ፤ ከስፖንጁ ግማሹን ቆርጦ ማጣሪያው ውስጥ ከተተ። በሳምንቱ አምስቱ ዓሦች ምግብ ሲጣልላቸው ይጋፉ ነበር።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ይህን ብለው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ከራሱ ከዓሣው በሚወጣ መርዝ ይበከላል። መርዙን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ የሚኖሩትም እዚያ ጥቁር ስፖንጅ ላይ ነው። ሰውየው እድፍ አጠብኩ ብሎ እነሱን አጠበ። አንቺም ትልቅ ገንዳ አግኝተሻል፣ እሰየው። አንባቢዎችሽ ዓሦቹ ናቸው። ማን ምን እንደሚወድ፣ ማን መጽሐፍ ወስዶ እንደሚጠፋ፣ የትኛው ልጅ መጠየቅ አፍሮ ባዶ እጁን እንደሚወጣ የሚያውቀው ያ የውድነሽ የማያልቅ ወሬ ነው። መዝገቡን ቀይሪ፣ ወንበሩንም ቀይሪ። ሴትዮዋን ግን በበረኪና አታጥቢያት።»

ትርሲት ሳቀች። ቆይታ፣ ስፖንጁን ያመጣችው ሴት ዓሦቿን በምን እንደምታኖራቸው ጠየቀች።

«በባልዲ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ቤቷ መብራት ስለሚጠፋ ሥራ ቦታዋ ነው የምታስቀምጣቸው።»

በማግስቱ ትርሲት ከሁሉም ቀድማ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። ከእትዬ ውድነሽ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ የባልዲውን ክዳን አነሣች። በአንድ ቁራጭ ጥቁር ስፖንጅ ዙሪያ አሥራ አንድ ዓሦች ይዋኙ ነበር።