የማያልቀው ባትሪ

አንድ አለቃ አንዲትን መሐንዲስ በእንግዳ ፊት በደላት። ሥራዋን «የተበላሸ» ብሎ ወንበሯን ለሌላ ሰጠባት። እሷ ምንትዋብ ትባላለች። እሱን አለቃው እንበለው፤ እንዲህ ያለውን ሰው መቼም ሁላችንም በየስሙ እናውቀዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ፓምፗን በፀሐይ ኃይል ማሠራት ፈለገችና ሥራውን ለእነምንትዋብ መሥሪያ ቤት ሰጠች። ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ቀጥ ያለ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ የሚፈልገው እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚለውን ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው መሣሪያ ሞገዱን የሚሠራው በደረጃ ነው፤ እየረገጠ ይወጣል፣ እየረገጠ ይወርዳል። ከየደረጃው ሥር ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ። እንደ እንስራ ቁጠሩት፤ ይሞላል፣ ሲቀዱበትም ይጎድላል። ታዲያ መሣሪያው ከመገጣጠሙ በፊት ኮምፒውተር ላይ በሥዕል ተሠርቶ ይፈተናል። እዚያ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ደግነቱም ክፋቱም ይኸው ነው።

ምንትዋብ ስትፈትነው ሞገዱ አምሮ ተነሣና ቆይቶ ማንከስ ጀመረ። አንዱ ደረጃ ወርዶ ወርዶ ቁጭ አለ፤ ጎረቤቱ አብጦ ከልክ አለፈ።

«ያ የወረደው ደካማ ነው። አውጪውና ባትሪ አግቢበት» አላት አለቃው።

«የምን ባትሪ?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ የማያልቅ ባትሪ አለ አይደል እንዴ! ከከተማዋ የሚመጡት እንግዶች የሚያዩት ሥዕሉን ነው።»

«የሚጠጡትስ ሥዕሉን ነው?»

አለቃው በሩን ወርውሮት ወጣ። እሷ ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ መረመረች። ሁሉም እኩያ ናቸው። ቀጥላ መሣሪያውን የሚመራውን፣ «ማን መቼ ይስጥ» የሚለውን ትእዛዝ ተከተለች፤ ጉዱን ያኔ አገኘችው። ትእዛዙ ኃይል በፈለገ ቁጥር የሚጠራው ያንኑ አንዱን ነበር። ሌላው ሞልቶ ተኝቶ ሳለ እሱ ይጠራል፤ ጎድሎም ይጠራል። ደካማ ሆኖ አይደለም፣ ዕረፍት አጥቶ ነው። ተራ የሚያካፍል ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። አለቃው ይህን ሲሰማ «ወሬሽን ተዪ» አለ።

እንግዶቹ በመጡ ዕለት አለቃው ራሱ ሥዕሉን ከፈተው። የማያልቀውን ባትሪ በየደረጃው ሥር ሰክቶበታል። ሞገዱ ያምራል፣ ምን ይወጣለታል።

«ምንትዋብ ያበላሸችውን እኔ አስተካክዬዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለ። አጨበጨቡለት።

ያላጨበጨቡት የከተማዋ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘነቡ ነበሩ። ወደ ምንትዋብ ዞሩና «አንቺስ ልጄ? አፍ የለሽም?» አሏት።

«አለኝ፣ እትዬ። ይህ ባትሪ የት ገበያ እንደሚሸጥ ይጠይቁልኝ።»

ምንትዋብ የራሷን ሥዕል ከፍታ ያንን ማንከስ ለሁሉም አሳየች፤ ምንም አልሸፈነችም።

«የእኔዋ ዛሬ ታነክሳለች። ለምን እንደምታነክስ ስለማውቅ አድናታለሁ። ያችኛዋ ግን አትታመምም፤ ሥዕል መች ይታመማል? ውሃም አታወጣም።»

ወይዘሮ ዘነቡ ቦርሳቸውን አንሥተው ብድግ አሉ። «በሉ፣ እኛ የታመመችዋን እንጠብቃለን። ሐኪሟንም እንዳትቀይሩብን!»

እናንተ የምታነብቡ፣ በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ አንድ የወረደ ደረጃ አይጠፋም። «ደካማ» ብላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጥሪው ሁልጊዜ በማን ላይ እንደሚወድቅ እዩ። ጉድለትን ያሳየ ሰው አላበላሸም፤ ያበላሸው የሸፈነው ነው። በእናንተስ ቤት ሳይሞላ የሚቀዳው ማን ይሆን?

እንግዶቹ ሲሄዱ አለቃው ምንትዋብን በር ላይ ጠበቃት። «አዋረድሽኝ እኮ! ይቅርታ ጠይቂኝና ወንበርሽን እመልስልሻለሁ» አላት።

የመለሰችለት ቃል ይህ ነው፦

«ወንበሩ የእኔ ነው፤ እቀመጥበታለሁ። ይቅርታውን ግን ከዚያ ከማያልቀው ባትሪዎ ይቅዱ። እኔ ዘንድ አልቋል።»