ጉሮሮውን የጠረገው ማን ነው?

ነገር ሁሉ የተበላሸው በዚያ የጥቅምት ማክሰኞ ነው። ምንዳዬ ዩኒቨርሲቲውን በማዕረግ ጨርሶ እዚያው እንዲያስተምር ስሙ ለጉባኤ ቀረበ። እሱ ውጭ በር ላይ ይጠብቃል። ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» ሲል ከወደ ኋላ አንድ ሰው «አይሆንም!» አለ። ሌላውም ተከተለና ምንዳዬ ቀረ። ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረው አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ጸጉሩ ሸበተ፤ ቂሙ ግን አንድ ሽበት አላወጣም።

ዘንድሮ የዚያ ጉባኤ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ከአንድ ጡረተኛ ጸሐፊ እጁ ገባ። ወደ ኮምፒውተር አስገለበጠና ጆሮውን ደቀነ። «አይሆንም» አለች ኮምፒውተሯ እንደ ትንኝ። ሰብሳቢውም ትንኝ፣ ተቃዋሚውም ትንኝ።

«የማን ድምፅ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ጉሮሮዬ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ድምፅ አያሳልፍም። ስፒከር አምጣልኝ።»

ምንዳዬ ነስሩ ሱቅ ሄደ። «ስፒከር ስጠኝ፤ ኮምፒውተር ስም አልጠራም አለች።»

ነስሩ መብራቱ የሚያብለጨልጭ፣ ደረት የሚደልቅ ስፒከር ጎተተ። «ይሄ ሰርግ ያደምቅልሃል፣ ወንድሜ!»

«ሰርግ የለኝም፤ ያለኝ ክስ ነው።»

ነስሩ ሳቀና አቧራ የለበሰ ጥንድ የእንጨት ስፒከር አወረደ። «እንግዲያው ይሄን ያዝ። አያሳምርም፣ አያቆላምጥም፤ የተባለውን ነው የሚናገረው።»

ቤት ሲገባ ስፒከሩ ዝም። «ደረት እንጂ ጉልበት የለኝም» አለ። «አምፕሊፋየር ካልገፋኝ አልናገርም።»

ምንዳዬ ተመለሰ። «አምፕሊፋየር ስጠኝ፤ ስፒከር አልናገርም አለ፣ ኮምፒውተር ስም አልጠራም አለች።»

በእጁ ያነሳው ትንሿን ነበር። «ተዋት!» አለ ነስሩ። «ያንን ስፒከር በእሷ? ጥጃ ጠምዶ ማረስ ነው!» ለስፒከሩ አቅም የሚመጥነውን መርጦ አሸከመው።

ይሄኛውም ገና ሲሰካ «እምምም» ማለት ጀመረ። «ምን ያስጉረመርምሃል?» አለው ምንዳዬ። «የመሬት ሽቦ የለኝማ! ሽቦዬን አፈር ውስጥ ካልቀበርክልኝ ዝም አልልም።»

አፈር ከየት ይምጣ? የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሁሉ ሲሚንቶ ነው፤ የቀረችው ከመስኮቱ ሥር ያለችው የወይዘሮ ሸጊቱ የጎመን መደብ ናት። ምንዳዬ ወረደ። «እትዬ ሸጊቱ፣ ሽቦ ልቅበር። አምፕሊፋየር ዝም አልልም አለ፣ ስፒከር አልናገርም አለ፣ ኮምፒውተር ስም አልጠራም አለች።»

«የዘበኛው የደገፋ በግ ጎመኔን በልቶ ያስተረፈልኝን ደግሞ አንተ ልትቆፍረው! ደገፋ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሳይለኝ መሬቴን ማንም አይነካም፤ እናቴ ትሙት!»

ምንዳዬ ወደ በሩ ሄደ። «ጋሽ ደገፋ፣ ድንጋይ ይሸከሙ። ሸጊቱ መሬት አላስነካም አሉ፣ አምፕሊፋየር ዝም አልልም አለ፣ ስፒከር አልናገርም አለ፣ ኮምፒውተር ስም አልጠራም አለች።»

«በጌ ያመለጠኝ እኮ ከጥበቃ ቤቴ ውስጥ ዝናብ ስጠርግ ነው! እድሩ ያረጀ ድንኳኑን ጣራዬ ላይ ካላለበሰልኝ እንኳን ድንጋይ ጠጠር አልሸከምም።»

የእድሩ ዳኛ ዶክተር ይርዳው ናቸው፤ ድሮ ዩኒቨርሲቲ ምንዳዬን ያስተማሩት፣ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ፣ ልጄ» የሚሉት። «ዶክተር፣ ድንኳን ይስጡ። ደገፋ ድንጋይ አልሸከምም አሉ፣ ሸጊቱ መሬት አላስነካም አሉ፣ አምፕሊፋየር ዝም አልልም አለ፣ ስፒከር አልናገርም አለ፣ ኮምፒውተር ስም አልጠራም አለች።»

ዶክተር ይርዳው እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «እህህም! እህህም! አይሆንም!»

ምንዳዬ የተማረ ሰው ነው፤ ልመና ሞቱ ነው። ግን ምራቁን ዋጠና «በሞቴ!» አለ።

«ስፒከሩን ለእድሩ ታውሳለህ?»

«አውሳለሁ።»

«እንግዲያው ይሁን። መጥቼ እሰማዋለሁ።»

አያችሁ፣ አንዷ «ይሁን» ስንቱን ፈታች! ድንኳን ጣራውን አለበሰ፤ ደገፋ ድንጋይ ተሸከሙ፤ ሸጊቱ «በቃ፣ አውርደው፣ ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ መሬት ተቆፈረ፤ ሽቦ ተቀበረ፤ አምፕሊፋየር ዝም አለ፤ ስፒከር ደረቱን ነፋ። ሸጊቱና ደገፋም ጉዱን ለመስማት ብለው ምንዳዬ ቤት ወጡ። ዶክተሩ ሶፋው ላይ ተደላደሉ።

ኮምፒውተሯ ተናገረች። ሰብሳቢው «ተቃውሞ አለ?» አለ። ከወደ ኋላ፣ ትንኟ ስትውጠው የከረመችው ወፍራም ድምፅ ቤቱን ሞላ።

«እህህም! እህህም! አይሆንም!»

ሸጊቱ ወደ ሶፋው ዞሩ። «ውይ! ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዶክተር ይርዳው ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት።

«ድንጋዩ እዚያው በር ላይ ነው፤ ላምጣላቸው?» አሉ ደገፋ።

«ይቆይ፣ ጋሽ ደገፋ» አለ ምንዳዬ። ወደ ዶክተሩም ዞረ። «ደገፋ ድንጋይ ተሸክመዋል፣ ሸጊቱ መሬት አስነክተዋል፣ አምፕሊፋየር ዝም ብሏል፣ ስፒከር ተናግሯል፣ ኮምፒውተር ስም ጠርታለች። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር። ለምን አይሆንም አሉኝ? ይመልሱልኝ!»